ንጹህ በርሜል

ዛሬ ገና የመጣችሁ ካላችሁ ግቡ፣ ቦታ አለ። ያለፈውን ባጭር ባጭሩ ላውራችሁና አብረን እንቀጥላለን። ከመጀመሪያው የነበራችሁት ደግሞ ታገሱኝ፤ እኔም ስንቱን ታግሻለሁ።

ፋብሪካው ውስጥ «እርሾ» ነው የሚሉኝ። ሥራዬ ማብላላት ስለሆነ ነው፤ ጋሽ ሚዛን ግን «ቶሎ ስለምትገነፍይ ነው» ይላሉ። ጋሽ ሚዛን በሩ ላይ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪና የሚመዝኑ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ስማቸው ሌላ ነው፤ ማን እንደሆነ ግን ማንም አያስታውስም።

ፋብሪካችን ከዘይት ፍሬና ከየምግብ ቤቱ ከሚሰበሰብ ያገለገለ ዘይት ናፍጣ ያወጣል። ናፍጣው ሲወጣ ከሥር የሚቀር ወፍራም ዝቃጭ አለ። ወረቀት ላይ ግሊሰሪን ይሉታል፣ እኛ «ጥቁሩ» እንለዋለን። ጨውና ሳሙና የበዛበት፣ ያረረ ዘይት የሚሸት ነገር ነው። ለዓመታት በቦቴ እየተጫነ ከታችኛው ሰፈር ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ሲደፋ ኖሯል። የታችኛው ሰፈር የኔ ሰፈር ነው። ቦቴውን ይነዳ የነበረው ደግሞ አባዬ ነው። የራሱን ቤት ደጅ የሚያቆሽሽ ሹፌር ማለት ነው እንግዲህ፤ ሳቁ ከፈለጋችሁ፣ እኛም ከማልቀስ ብለን ስቀንበታል።

ከዚያው ጉድጓድ ጠርዝ አንድ ማንኪያ ጭቃ ዛቅሁና ጥቁሩን እየበላ የሚኖር ባክቴሪያ አገኘሁበት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ትንሽ ነገ ትንሽ እያልኩ ጥቁሩን አለማመድኩት። አሁን ጥቁሩን ይበላና ላክቲክ አሲድ ይሰጠኛል። ወተት ሲቆይ የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው፤ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ላስቲክ የሚሠሩ ሰዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። በጠርሙስ ስንት ጊዜ ሠርቶልኛል። የቀረው በትልቁ ታንክ መሥራቱን ማሳየት ነበር።

ፍቅሩስ አትሉም? ፍቅሩ ከኢንጂነሩ ጋር ነው። ኢንጂነሩ የምርት ኃላፊያችን ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የፋብሪካው ባለቤት የእትዬ አንድ ልጅ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በመለኪያ ወረቀት ጀርባ ስንጻጻፍ ቆየን። ፊት ለፊቱ «ሙቀት ሠላሳ ሰባት» ይላል፣ ጀርባው «ዛሬ ስትስቂ ከመስኮቱ ማዶ ሰማሁሽ፤ ምን አሳቀሽ? ቀናሁ» ይላል። እኔም አላርፍም፣ እመልሳለሁ።

እትዬ አወቁ። እንዴት እንዳወቁ አልነግራችሁም፣ ያለፈው ሳምንት ጉድ ነው። ቢሯቸው ጠሩኝና ሳያስቀምጡኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት አሲዱን የሚገዛው ሰውዬ ይመጣል። ታንኩ ከሠራ ክፍልሽም አንቺም ትኖራላችሁ፣ ስለ ልጄም እንነጋገራለን። ካልሠራ ክፍሉ ይዘጋል፣ ጥቁሩ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። ልጄንም ያኔ ትረሺዋለሽ።»

«እሺ» አልኩ። ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬን ስለማውቀው ነው።

*

ሰኞ ታንኩ የሚሞላበት ቀን ነበር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አባዬ ደረቱን ያዘውና መተንፈስ አቃተው።

ጥቁሩ እንዲሁ አይገባም። መጀመሪያ አሲድ ይጨመርበታል፣ ሳሙናው እስኪንሳፈፍ ይጠበቃል፣ ከላይ ይገፈፋል፣ ከሥር ያለው ብቻ ወደ ታንኩ ይሄዳል። ይሄን ሥራ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ኢንጂነሩ ግን ልብሴን ለውጬ በሩ ላይ ስንቆራጠጥ አየኝና መጣ።

«ሂጂ፣ አባትሽን ይዘሽ ሂጂ። እኔ አጣራልሻለሁ።»

«አንተ? እጅህ ጥቁሩን ነክቶ ያውቃል?»

«ስድስት ወር ሙሉ ስታጣሪ ቆሜ አይቼሻለሁ እኮ። ሥራውን ነበር የማየው ብል ዋሸሁ እንጂ…»

እንዲህ ብሎ አየኝ። ልቤ ወከክ አለ። ቁልፉን እጁ ላይ አኖርኩለትና አባዬን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። መርፌ ወግተውት፣ ኦክስጅን ሰጥተውት፣ ከሰዓት በኋላ ሲሻለው ቤት አስገብቼው ተመለስኩ። ታንኩ ሞልቷል፣ ወለሉ ታጥቧል፣ ባልዲዎቹ ተደርድረዋል። ሐሳቤ አባዬ ጋ ስለነበር ሳልለካው ሳላሸተው ባክቴሪያውን ጨመርኩበትና ክዳኑን አሰርኩ። ያንን ቀን የሚወደኝ ሰው እንዳለ በደንብ ነበር ያመንኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ።

*

ታንኩ ጎን አንዲት ትንሽ ፓምፕ አለች። ባክቴሪያው አሲድ በሠራ ቁጥር ታንኩ ይኮመጥጣል፤ እሷ ደግሞ ኮምጣጣነቱን የሚሰብር ፈሳሽ ጠብ እያደረገች ታበርደዋለች። ጠብ ባለች ቁጥር ቀጭ ትላለች። ቀጭ ቀጩ ከበዛ ባክቴሪያው እየበላ ነው። ዝም ካለች አልበላም ማለት ነው።

ማክሰኞ ጥቂት ቀጭ ቀጭ አለችና ዝም አለች። ረቡዕ ጠዋትም ዝም። ሙቀቱን አየሁ፣ ልክ ነው። ማማሰያው ይዞራል። ጆሮዬን ታንኩ ላይ ለጠፍኩ፣ ምን ልሰማ እንደሆነ እንጃ።

የመለኪያ ወረቀቱን አንስቼ ስገለብጠው ጀርባው ላይ የሱ ጽሕፈት አለ፦

«ምንም ቢፈጠር ላንቺ ብዬ ያደረግሁት መሆኑን እወቂልኝ። ሳልነግርሽ መቅረቴ አላስተኛኝም።»

ምኑን ነው ያልነገረኝ? ደግሜ አነበብኩት። ደብዳቤው እንደ ወትሮው በማሞቅ ፋንታ አበረደኝ። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ አየር ልውሰድ ብዬ ወደ በሩ ወጣሁ። ጋሽ ሚዛን ከሚዛኑ ጎጆ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ጠሩኝ።

«እርሾዬ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል? ያ ንጹህ በርሜል አልተስማማሽም እንዴ?»

«የምን ንጹህ በርሜል?»

«እሑድ የገባው ነዋ። አራት በርሜል፣ እንደ ውሃ የጠራ፣ ሳሙናና ቅባት የሚሠሩበት ዓይነት ግሊሰሪን። ኢንጂነሩ ራሱ ፈርሞ አስገባው። እኔማ ‹ናፍጣ ጨርሰን ሽቶ ልንሠራ ነው?› ብዬ ስቄበት ነበር።»

እግሬ እንዴት ወደ ክፍሌ እንዳደረሰኝ አላውቅም። ከታንኩ ትንሽ ቀዳሁና የጨው መለኪያውን ነከርኩበት። የኔ ጥቁር ቢሆን ቁጥሩ ወደ ላይ መዝለል ነበረበት፤ መለኪያው ግን ትንሽ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ጨው የለበትም ማለት ይቻላል። አሸተትኩት። መልኩ ቡናማ ነው፣ ሽታው ግን ጥቂት ነው።

ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ በጭንቅላቴ የዞረው። እናቱ ካልሠራ ትሄጃለሽ አሉኝ። እሱ ደግሞ ታንኬ ውስጥ ያለውን ቀየረው። እናትና ልጅ መክረው ሊያባርሩኝ ነው! ስድስት ወር ሙሉ ሳቄን በመስኮት ሲያዳምጥ የነበረ ሰው ነው ይሄን ያደረገኝ። አላለቀስኩም። እንባዬ ራሱ ተናዶ ቀረ መሰለኝ።

*

ቢሮው ስገባ ስልክ እያናገረ ነበር። ስልኩን ከእጁ ወስጄ ዘጋሁት።

«ኢንጂነር፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«እርስዎ» ስለው ፊቱ አመድ ሆነ። አንተ እያልኩት ስድስት ወር ሆኖን ነበር።

«ታንኬ ውስጥ ምን ጨመሩበት? እናትዎ ናቸው ወይስ እርስዎ ያሰቡት? ከፋብሪካው ልታስወጡኝ ከፈለጋችሁ በሩ ክፍት ነበር እኮ። ሁለት ዓመት ያሳደግሁትን ምን አድርጎ ነው የምትገድሉብኝ?»

«ምን? ልገድልብሽ?» ብድግ አለ። «ልገድል? እኔ እንዲተርፍልሽ ብዬ ነው!»

«ይናገሩ።»

«የዚህን ሳምንት ጥቁር አይተሽዋል? ዘይቱ ያረጀ ነበር፣ ሳሙናው ከወትሮው እጥፍ ነው። ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል ብዬ ፈራሁ። እሱ ካለቀ አንቺም መሄድሽ ነው። ንጹሁን እሑድ ለክፉ ቀን ብዬ ገዛሁ፤ ሰኞ አንቺ ስትሄጂ አስገባሁት። ቀለሙ እንዳያስታውቅ ከጥቁሩ አንድ አንድ ባልዲ ደባለቅሁበት። እንዲሠራ ነበር የፈለግሁት! ንጹህ ነገር እንዴት ይጎዳዋል?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እንድቀመጥም ማንም አላለኝም።

«በጨው ነው ያሳደግሁት» አልኩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጨውና ሳሙና አብልቼ። ጥቁሩ ውስጥ ያለውን ኮተት ሁሉ ነው የሚበላው። ጨውን ድንገት ስትነሳው ይደነግጣል፣ ዝም ይላል። ከዚህ ሳምንቱም የባሰ ጥቁር አብልቼዋለሁ። ጠየቅኸኝ?»

«አባትሽ ታመው ነበር፣ ላስጨንቅሽ…»

«ጠየቅኸኝ ወይ?»

ዓይኑን ወደ ስልኩ አወረደ።

«እናትህ አላመኑኝም፣ ይሁን፤ አያውቁኝም። አንተ ግን ስድስት ወር አጠገቤ ቆመህ አላመንከኝም። ዓይኖቼን ወደድክ፣ ሳቄን ወደድክ፤ ሥራዬን ግን አላመንከውም። ሳትነግረኝ አዘንክልኝ። ብትጠላኝ ይሻለኝ ነበር! የሚጠላኝን ሰው እታገለዋለሁ፤ የሚያዝንልኝን ምን አደርገዋለሁ?»

«እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ግን ገና ጊዜ አለን» አለና እጄን ሊይዝ መጣ። «አሁኑኑ ጥቁሩን እንጨምርበት። እስከ ነገ አራት ሰዓት ይነቃል። ማንም አያውቅም።»

«ማንም አያውቅም?» እጄን ነጠቅሁት። «እኔስ? እኔ ማንም አይደለሁም?»

በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ደሜ ፈልቷል፤ ሰው በዚህ ሰዓት ቃል መግባት የለበትም፣ እኔ ግን ገባሁ።

«ነገ እናትህ ፊት ትናገራለህ። የቀየርኩት እኔ ነኝ ትላለህ። እኔ ትንፍሽ አልልም። አንተ ዝም ካልክ እኔም ዝም ብዬ እወጣለሁ፣ ሥራዬንም አንተንም ትቼ። ከዛሬ በኋላ ወረቀት ጀርባ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም፤ ካለህ አፍ አውጥተህ ተናገር።»

ኮሪደሩን ስጨርስ እንዲከተለኝ ፈለግሁ፤ እንዳይከተለኝም ፈለግሁ። አልተከተለኝም። እሱም አናደደኝ።

*

አባዬ ትራስ ተደግፎ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። ገና ጀምበር አልጠለቀችም። ሁሉንም ነገርኩት፣ ከሱ የምደብቀው የለኝም። መጨረሻው ላይ የገባሁትን ቃል ስነግረው ሳሉን አቋርጦ አየኝ።

«ሞኝ» አለኝ።

«አባዬ!»

«ሞኝ ነሽ አልኩሽ። ሥራሽን የሰው አፍ ላይ ታንጠለጥያለሽ?» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እኔ ያንን ነገር ሃያ ዓመት ስደፋ ዝም ብዬ ነው የደፋሁት። ይሸተኛል፣ ያስለኛል፣ ጎረቤት ይረግመኛል፣ እኔ ዝም። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አንድ ነብር ገብቶ ፈጃት። ልጁ ይናገር አይናገር የራሱ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን ዝም ብለሽ እንዳትወጪ።»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«ለማን? ለንዴትሽ?»

ሳቄ መጣ። ጭንቅላቱን ሳምኩት። እሱም «ሂጂ ወዲያ፣ ጥቁሩ ጥቁሩ ትሸቻለሽ» አለኝ። ስንት ዓመት እሱ ነበር እንደዚያ የሚሸተው። ያን ምሽት ከነሳሉ ምን ያህል እንደምወደው ነበር የማስበው።

*

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ያንን የተፈራውን፣ እጥፍ ሳሙና ያለበትን ጥቁር ራሴ አጣራሁት። አሲዱን ጨመርኩ፣ ጠበቅሁ፣ ገፈፍኩ። ሦስት በርሜል ሞልቼ ግድግዳው ሥር አቆምኩ። ወደ ታንኩ ግን አላስገባሁትም። ለምን እንዳጣራሁት ብትጠይቁኝ ለራሴም አልተናገርኩም ነበር።

አራት ሰዓት ላይ እትዬ ገቡ። ከኋላቸው ገዢው፣ አፍንጫው ላይ መሐረብ የያዘ ቀጭን ሰውዬ። ከዚያ የክፍል ኃላፊዎቹ። ከሁሉም ኋላ እሱ፤ ሸሚዙ የትናንቱ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ልቤ «ይናገራል» አለኝ።

ፓምፗ ጸጥ ብላለች። እትዬ ታንኩን ዞሩት። ማሽን ያውቃሉ፣ ማንም አያታልላቸውም።

«ይቺ ነገር ቀጭ ቀጭ ትላለች ብለሽኝ አልነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

ወደሱ አየሁ። ወለሉን ያያል። ከንፈሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ገዢው ሰዓቱን አየ። አንዱ ኃላፊ ሳል አለ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው። «ሞክረሻል። የተነጋገርነውን ታስታውሻለሽ።»

ደግሜ አየሁት። አሁንም ወለሉን። በቃ። የነጭ ጋውኔን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታሁ፣ አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፣ ወደ በሩ ሄድኩ። ቃሌ ቃል ነው፣ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። እግሬ ደፉ ላይ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ ጥቁር በአባዬ ደረት ውስጥ ሲያንኮራኩር ሰማሁት። ነገ ጉድጓዱ ሊሞላ ነው። ለምን? እኔ የምወደው ሰው አፉ ስለተያዘ?

ዞርኩ።

«ታንኩ ውስጥ ያለው ጥቁሩ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። «ባክቴሪያዬ አልተሸነፈም። የማያውቀውን ነገር ነው ያበሉት። ሥራውን አትችይም የሚለኝ ካለ ይምጣና ጥቁሩን ሰጥቶ ይሞክረኝ። በንጹህ በርሜል አልባረርም!»

እትዬ ዓይናቸው ጠበበ። «ማነው የቀየረው?»

ይሄ የኔ አይደለም። ሥራዬን ተናግሬያለሁ፤ የሰውን ጥፋት ግን ባለቤቱ ይናገረው። ከንፈሬን ነከስኩ።

«ማነው አልኩሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

ሁሉም ዞረ። ከግድግዳው ተነጥሎ መጥቶ መሃል ቆመ። ዓይኑን ከወለሉ አንስቶ እናቱን አየ።

«አራት በርሜል ንጹህ ግሊሰሪን አስገብቼ ሳልነግራት ቀየርኩት። እንዳይታወቅ ቀለሙንም አጠቆርኩት። እሷ አታውቅም ነበር። ትሸነፋለች ብዬ ፈርቼ ነው፤ ስላላመንኳት ነው። ትናንት እንድናገር ጠየቀችኝ፣ አሁንም ፈርቼ ዝም አልኩ። እሷ ተናግራ ነው የተናገርኩት። ሁለት ጊዜ ነው ያፈርኩት።»

ያንን ሲል የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ? በጥፊ ልመታውም ላቅፈውም ነበር የፈለግሁት።

*

እትዬ ሰዎቹን ሻይ ጠጡ ብለው ወደ ቢሮ ላኩ። ሦስታችን ቀረን።

«ቁልፍህን» አሉት። የምርት ክፍሉን ቁልፍ ከቀበቶው ፈቶ እጃቸው ላይ አኖረ። ወደኔ ዞሩ።

«ሦስት ቀን እጨምርልሻለሁ። ግን አንድ ቃል ትገቢልኛለሽ፤ ልጄን ትተይዋለሽ። ይሄ ልጅ ከተወለደ ዋሽቶኝ አያውቅም። ላንቺ ብሎ ዋሸኝ።»

«ለኔ ብሎ አይደለም፣ እትዬ። ለኔ ብሎ ቢሆን ይጠይቀኝ ነበር። ሦስት ቀንዎንም አልፈልግም። ጥቁሩ ተጣርቶ ይኸው ቆሟል። አሁን አስገባዋለሁ፣ እርስዎም እዚሁ ሆነው ያዩታል።»

«ልጄንስ?»

«ልጅዎን እወደዋለሁ። ዛሬ ደግሞ በጣም ተናድጄበታለሁ። ለሁለቱም ፈቃድ አልጠይቅዎትም።»

እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው የለም መሰለኝ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ የፕላስቲክ ሣጥን በእግራቸው ሳብ አድርገው ገለበጡና ተቀመጡበት።

«በርሜሉን ግፋላት እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?» አሉት።

ገፋ። ሸሚዙን እስከ ክንዱ ጠቅልሎ ሦስቱንም በርሜል አንድ በአንድ እየገፋ አመጣ። ቱቦውን ሲያገጥም ተንሸራተተና ጥቁሩ እስከ ክርኑ ለበሰው። አላናገርኩትም። ከታንኩ ሥር ከንጹሁ ቦታ የሚሆን ያህል አወጣሁ፣ ጥቁሩን ቀስ አድርጌ አስገባሁ። ባክቴሪያው ደንግጦ ነው እንጂ አልሞተም፤ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ግን ደንግጦ የከረመ ነገር ልነሳ ሲል ይነሳል፣ አልነሳ ካለ ማንም አያስነሳውም።

አምስት ሰዓት። ስድስት። ገዢው ብቅ ብሎ አየንና እንደገና ሄደ። ሰባት ሰዓት። እትዬ ከሣጥናቸው አልተነሱም። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ ተቀመጥ ያለውም የለም።

«እኔ ዘይት በእጄ ነው የጨመቅሁት» አሉ እትዬ ድንገት፣ ማንንም ሳያዩ። «ከጓሮዬ፣ በእንጨት መጭመቂያ። ስጀምር ማንም አላመነኝም። ባሌ ሳላይ ከገበያ ዘይት እየገዛ ጠርሙሴ ላይ ይጨምርልኝ ነበር። እንዳላዝን ብሎ። ያ ሁሉ ዘይት የኔ መስሎኝ ስደሰት ከረምኩ።»

ልጃቸው ቀና አለ። «አባዬ?»

«አባትህ።»

«ይቅር አሉት?» አልኳቸው።

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖርኩ። ይቅር ማለቴን ግን እስካሁን እንጃ።»

ሴትዮዋን ያን ጊዜ ወደድኳቸው። ምን ላድርግ፣ ሳላስበው ነው።

ስምንት ሰዓት አለፈ።  በቃ አልተነሳም፣ ፎክሬ ፎክሬ ላፍር ነው አልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፦

ቀጭ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።  አንዲት ቀጭ ብቻዋን ምን ዋጋ አላት፣ ፓምፕም ትሳሳታለች።

ቀጭ። ቆየት አለችና፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ግን ታንኩን እንደ ሰው አቅፌ «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» እያልኩ እንደ እብድ እጮህ ነበር።

እትዬ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ፓምፗ ጎን ቆመው አሥራ ሁለት ጊዜ ቀጭ ስትል ቆጠሩ፤ እኔም አብሬ ቆጥሬያለሁ።

«ክፍልሽ አይዘጋም፣ ገዢውንም እኔ አነጋግረዋለሁ» አሉ። «ጥቁሩም ከዛሬ ጀምሮ ጉድጓድ አይወርድም። ስለ ልጄ ደግሞ እንነጋገራለን ብዬሽ ነበር።»

«ከርስዎ ጋር ምን እንነጋገራለን፣ እትዬ? ከሱ ጋር እንጂ።»

«አቤት ምላስ!» አሉ። አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ግን ሩቅ አልሄዱም፤ ግቢው ውስጥ ፊታቸውን ወደ መስኮታችን አዙረው ቆሙ።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቀረብ አለ፣ ግን በጣም አልቀረበም። ጥቁሩ ክንዱ ላይ ደርቋል።

«ቁልፍ የለኝም» አለ። «ቢሮም የለኝም መሰለኝ። ለነገ የሚያጣራ ሰው ትፈልጊያለሽ?»

«ልምድ አለህ?»

«አንድ ጊዜ ሞክሬ አበላሽቻለሁ።»

ልስቅ አልፈለግሁም። እምላለሁ አልፈለግሁም፣ ቢያንስ ሳምንት ላኮርፈው ወስኜ ነበር። ሳቄ ግን አምልጦኝ ሄደ። ስቄ ሳልጨርስ ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ የከለከልኩት እንባ መጣ፣ አንድ ላይ ግልብጥ ብሎ መጣ።

«አላመንከኝም እኮ» አልኩት እያለቀስኩ።

«አላመንኩሽም» አለ። «እየጠየቅሁሽ እማራለሁ። ብዙ ጊዜ ይፈጅብኛል፣ ታውቂኛለሽ፣ ቶሎ አይገባኝም።»

እንባዬን ሊጠርግ እጁን ዘረጋ። መንገድ ላይ መዳፉን አየውና፣ ያ ሁሉ ጥቁር እንዳለበት ሲያይ አፍሮ ወደ ኋላ መለሰው።

እጁን ያዝኩት። እንዳለ፣ ከነጥቁሩ፣ ጎትቼ ጉንጬ ላይ አደረግሁት፤ አልለቀቅሁትምም። እትዬ በመስኮቱ እያዩን ነበር።

ይዩ!